«ባለቤት የለውም» ስለተባለው የሴንሰር ኔትወርክ ኮድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቅርቡ በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ላይ ስለ ገመድ አልባ የሴንሰር ኔትወርኮች የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የአፈርን እርጥበት፣ የወንዝን ከፍታ፣ የድልድይን ንዝረት ወይም የመጋዘንን ሙቀት በባትሪ በሚሠሩ ትንንሽ መሣሪያዎች መከታተል የሚፈልጉ ተቋማት ከክፍት ምንጭ ሶፍትዌር (ኮዱን ማንም ሊያነበውና ሊያሻሽለው ከሚችል ሶፍትዌር) እንዲርቁ መክረዋል። ለምክራቸው ያቀረቡት ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛው ኮዱ ባለቤት ስለሌለው ሲበላሽ የሚጠየቅ አካል አይገኝም የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ማንም ሊያነበው የሚችል ኮድ ለጥቃት የተጋለጠ ነው የሚል ነው። እንዲህ ላሉ መሣሪያዎች ሶፍትዌር ስጽፍና ሳርም የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ ሥጋቱ ከባዶ የመጣ ነው አልልም። ጥያቄው የቀረበበት መንገድ ግን አንባቢን ያሳስታል። መሣሪያዎቹ ከተተከሉ ከስድስትና ከሰባት ዓመት በኋላ ችግር ሲፈጠር ኮዱን ከፍቶ የማረም ችሎታውም መብቱም ያለው ማን ነው? ለገዢው ተቋም ትርጉም ያለው ጥያቄ ይህ ነው፤ የባለቤትነቱ ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩን ከሥሩ ለመረዳት መሣሪያው ራሱ ምን እንደሆነ ማስታወስ ይጠቅማል። በሙያው ውስጥ ኖድ የምንለው ይህ መሣሪያ አንድ ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒዩተር)፣ ኃይል ቆጣቢ ሬዲዮ፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ሴንሰርና ባትሪ የያዘ ነው። ለብዙ ዓመታት የተመራማሪዎች መሞከሪያ ሆኖ ያገለገለው ቴሎስቢ የተባለው ኖድ 10 ኪሎባይት ራም እና ለፕሮግራም ማስቀመጫ የሚሆን 48 ኪሎባይት ፍላሽ ሜሞሪ ብቻ ነበረው። የዛሬዎቹ ኖዶች ሜሞሪ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የባትሪው ነገር ግን እምብዛም አልተለወጠም። የቴሎስቢ ሬዲዮ፣ ማለትም ሲሲ2420፣ ተከፍቶ ሲያዳምጥ ወደ 19 ሚሊአምፔር ይወስዳል፤ በሙሉ ኃይሉ በሚልክበት ጊዜ እንኳ የሚወስደው ከዚህ ጥቂት ያነሰ፣ ወደ 17.4 ሚሊአምፔር ነው። ባትሪውን የሚጨርሰው እንግዲህ መላኩ ሳይሆን፣ የሚልክ ይኖር ይሆን እያለ ሬዲዮውን ከፍቶ መጠበቁ ነው። 2500 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሬዲዮው ያለማቋረጥ ክፍት ሆኖ ከቆየ በ5 ቀን ተኩል ገደማ ያልቃል። ያው ሬዲዮ ከጠቅላላው ጊዜ 1 በመቶውን ብቻ እንዲከፈት ከተደረገ ግን፣ ሌላውን ፍጆታ ለጊዜው ብንተወው፣ ባትሪው ከ500 ቀናት በላይ ይዘልቃል። ሁለቱን ኖዶች የሚለያያቸው ሬዲዮው የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ቅጽበት የሚወስነው ጥቂት መቶ መስመር ኮድ ነው፤ የሃርድዌር ልዩነት የላቸውም።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል በዓይኔ ያየሁትን ልግለጽ። እሠራበት በነበረ አንድ ፕሮጀክት ሶፍትዌራቸው ዝግ የሆነ ኖዶች ተገዝተው ነበር፤ አቅራቢውን በስም መጥቀስ ለዚህ ጉዳይ አያስፈልግም። ባትሪዎቹ ለዓመታት እንደሚያገለግሉ በውሉ ላይ ቢሰፍርም፣ ከጌትዌዩ (የኖዶቹን መረጃ ተቀብሎ ወደ ውጭ ከሚያስተላልፈው መሣሪያ) ራቅ ብለው የተተከሉት ኖዶች በወራት ዕድሜ ውስጥ አንድ በአንድ ዝም ማለት ጀመሩ። በባትሪውና በኖዱ መካከል አነስተኛ ሬዚስተር አስገብተን ፍጆታውን በኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክን መለዋወጥ በመስመር በሚያሳይ መሣሪያ) ስንመለከት ነገሩ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። ኖዱ በእንቅልፍ ላይ ሳለ መስመሩ ከታች ተኝቶ ይቆያል፤ መረጃ የሚልክበት ሰዓት ሲደርስ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ወደ ላይ ይዘልላል፤ መረጃው መድረሱን የሚያሳውቀው ማረጋገጫ ሲመጣ ተመልሶ ይተኛል። ማረጋገጫው ሳይመጣ የቀረ እንደሆነ ግን መስመሩ ከላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል፤ የሚወርደው ቀጣዩ የመላኪያ ሰዓት ደርሶ ሌላ ማረጋገጫ ሲገኝ ብቻ ነው። ማረጋገጫው ሲጠፋ ሬዲዮውን ዝጋ የሚለው ትእዛዝ ተዘንግቷል ማለት ነው። ማረጋገጫ ደጋግመው የሚያጡት በርቀት ያሉት ኖዶች ስለሆኑ ቀድመው የሞቱትም እነርሱ ሆኑ።

ምርመራችን እዚህ ላይ ቆመ። የሬዲዮውን ሥራ የሚመራው ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚሰጥ የኮድ ክፍል) የተሰጠን በባይነሪ ብቻ፣ ማለትም ማሽን እንጂ ሰው በማያነበው መልክ፣ ስለነበር፣ ስሕተቱ ምን እንደሆነ እያወቅን ልንነካው አልቻልንም። አቅራቢው በሚቀጥለው ስሪት እንደሚስተካከል ጻፈልን፤ የሚቀጥለው ስሪት ግን የወጣው ለአዲሱ የምርት ሞዴል ነበር። ጸሐፊው «የሚጠየቅ አካል» ያሉት በዚህ ጉዳይ ላይ በእርግጥ ነበረ፤ ተጠይቋል፣ መልስም ሰጥቷል። ኋላ ላይ በክፍት ምንጭ ኮድ በሚሠራ ሌላ ኖድ ላይ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ስሕተት አጋጥሞናል፤ ክፍት ኮድ ከስሕተት የጸዳ ነው የሚል ሰው ካለ ኮዱን አላነበበውም። በሁለተኛው ጊዜ ግን ፋይሉን ከፍተን፣ ጥፋቱን በጥቂት መስመር አርመን፣ ኖዶቹን አደስን፤ እርማቱንም ወደ ዋናው ፕሮጀክት ላክን። ያንኑ ኮድ የሚጠቀሙ የማናውቃቸው ሰዎችም በዚያው አተረፉ።

ዘርፉ ራሱ የቆመው በክፍት ኮድ ላይ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ታይኒኦኤስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በ2000 ገደማ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሲወለድ በቢኤስዲ ፈቃድ ማንም ወስዶ እንዲሠራበት ተደርጎ ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ አዳም ደንከልስ በ2001 ዩአይፒን፣ በ2003 ደግሞ ኮንቲኪ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም በተመሳሳይ ሁኔታ ለቀቀ። ዩአይፒ በጥቂት ኪሎባይት ውስጥ የሚገባ የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ኮድ ሲሆን፣ በወጣበት ጊዜ የብዙ ባለሙያዎች እምነት የኢንተርኔት ፕሮቶኮል እንዲህ ላሉ ደካማ መሣሪያዎች ፈጽሞ አይሆንም የሚል ነበር። እምነቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። በ2003 ለኃይል ቆጣቢ ሬዲዮዎች የወጣው የአይትሪፕልኢ 802.15.4 ስታንዳርድ በአንድ ጊዜ በአየር ላይ እንዲላክ የሚፈቅደው ከ127 ባይት ያልበለጠ ፍሬም (የመረጃ ጥቅል) ነው፤ አይፒቪ6 የተባለው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ስሪት በበኩሉ ማንኛውም መስመር ቢያንስ 1280 ባይት ያለውን ፓኬት እንዲያሳልፍ ይጠይቃል፤ አድራሻው የሚጻፍበት የፓኬቱ መግቢያ፣ ማለትም ሄደሩ፣ ብቻውን 40 ባይት ነው። ይህን ክፍተት የሚደፍነውና ሲክስሎፓን የሚባለው አሠራር በ2007 አርኤፍሲ 4944 በተባለው የኢንተርኔት ስታንዳርድ ሰነድ፣ ከዚያም በ2011 በአርኤፍሲ 6282 ሲደነገግ፣ ያንን 40 ባይት በተመቸ ሁኔታ እስከ 2 ባይት ድረስ መጭመቅ ተቻለ። ኖዶች መረጃን እየተቀባበሉ እስከ ጌትዌዩ የሚያደርሱበትን መንገድ የሚወስነው አርፒኤል የተባለው ፕሮቶኮል ደግሞ በ2012 በአርኤፍሲ 6550 ወጣ።

ስታንዳርዶቹ በወረቀት ላይ እንዳይቀሩ ያደረጋቸው ምን እንደሆነ ከጸሐፊው ጽሑፍ አይገኝም። በ2011 ተመራማሪዎች የታይኒኦኤስንና የኮንቲኪን የአርፒኤል ኮዶች በአንድ ኔትወርክ ውስጥ አብረው እንዲሠሩ አድርገው ፈተኗቸው። ሁለቱ ተግባብተዋል፤ ሆኖም ሁለቱም ስታንዳርዱን አክብረው ሳለ፣ ስታንዳርዱ ለኮዱ ጸሐፊዎች ምርጫ በተዋቸው ጥቃቅን የአተገባበር ልዩነቶች ሳቢያ የተቀላቀለው ኔትወርክ ብቃት ሊወርድ እንደሚችል ታየ። እንዲህ ዓይነቱ ግኝት ሊገኝ የሚችለው የሁለቱም ወገን ኮድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ መስመር በመስመር ሲነጻጸር ነው። ሁለት ዝግ ምርቶች ቢሆኑ ኖሮ ተጠቃሚው የሚያውቀው መረጃ እየጠፋበት መሆኑን ብቻ ነበር፤ ሁለቱ አቅራቢዎችም ጥፋቱን እርስ በርስ ሲወራወሩ ይከርሙ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፍት ከሆኑት ሌሎች ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች መካከል በ2013 ራዮት በዚህ ስሙ ወጥቷል፤ በ2016 ዜፊር በሊነክስ ፋውንዴሽን ሥር ተመሥርቷል፤ በ2003 በሪቻርድ ባሪ የተጀመረው ፍሪአርቶስም በ2017 በአማዞን ጥላ ሥር ገብቶ ፈቃዱ ኤምአይቲ ወደተባለው ልቅ ፈቃድ ተለውጧል። ዛሬ አንድ ተቋም ባለቤት የለውም ተብሎ የሚፈራው ኮድ፣ በብዙ አጋጣሚ ቺፑን የሚያመርተው ኩባንያ ራሱ መሐንዲሶች መድቦ የሚጽፈው ኮድ ነው።

ወደ ደኅንነቱ ጥያቄ ስመጣ ጸሐፊው ያነሡት ምሳሌ እውነት ነው። በታኅሣሥ 2020 ፎርስካውት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ አምኔዚያ 33 በሚል ስም፣ ዩአይፒን ጨምሮ በአራት ክፍት ምንጭ የኔትወርክ ኮዶች ውስጥ 33 የደኅንነት ክፍተቶች መገኘታቸውን ይፋ አድርጓል። ጸሐፊው ያልነገሩን በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የሆነውን ነው። ጄሶፍ የተባለ የምርምር ቡድን ሪፕል 20 ብሎ በሰየመው ዘገባ፣ ትሬክ የተባለ ኩባንያ ለረጅም ዓመታት በገንዘብ ሲሸጠው በኖረ ዝግ የኔትወርክ ላይብረሪ ውስጥ 19 ክፍተቶችን አውጥቷል። በአንድ ዓመት ውስጥ የወጡት እነዚህ ሁለት ዘገባዎች ጎን ለጎን ሲነበቡ፣ ኮድን መደበቅ ብቻውን ከጥቃት እንደማያድን ለመረዳት አያዳግትም። በሪፕል 20 ጊዜ የተመራማሪዎቹ ከባዱ ሥራ ክፍተቱን ማግኘት አልነበረም፤ ላይብረሪው ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠና ስሙ እየተቀየረ በየትኞቹ ምርቶች ውስጥ እንደገባ መከታተል ነበር። መሣሪያውን የገዛው ሰው ቀርቶ አንዳንዱ አምራች ራሱ በምርቱ ውስጥ የማን ኮድ እንዳለ አያውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ግን የክፍት ኮድ ደጋፊዎችም የማንወደውን ነገር መስማት አለብን። አምኔዚያ 33 ያን ያህል ምርቶችን የነካው የዩአይፒ ፈቃድ ማንም ኮዱን ገልብጦ በዝግ ምርት ውስጥ እንዲከት ስለሚፈቅድና ብዙዎችም እንዲሁ ስላደረጉ ነው። አምራቹ ኮዱን አንድ ቀን ይገለብጣል፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ፕሮጀክት የሚያወጣቸውን እርማቶች አይከታተልም፤ ገልብጬ ነበር ብሎም አይናገርም። በዚህ መንገድ ክፍት የነበረው ኮድ ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ ተዘግቶ ይደርሳል፤ የክፍትነትን ጥቅም ሳይሆን የቸልተኝነትን ጉዳት ብቻ ይዞ ማለት ነው። የቢኤስዲን ዓይነት ልቅ ፈቃድ በዚህ ምክንያት የሚነቅፉ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ አልነቅፈውም፤ ያለ እርሱ ዩአይፒም ኮንቲኪም ይህን ያህል አይስፋፉም ነበር። ይሁን እንጂ ፈቃዱ የማይጠይቀውን ገዢው ሊጠይቅ ይችላል፤ ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

ከደኅንነት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የጥገናው ጉዳይ ነው። በዘርፉ ውስጥ የተጻፈው አብዛኛው ክፍት ኮድ የምርምር ገንዘብ ውጤት ነው። የዶክትሬት ተማሪው ድራይቨሩን (ሃርድዌሩን የሚያንቀሳቅሰውን ኮድ) ወይም ፕሮቶኮሉን ይጽፋል፤ ውጤቱ ይታተማል፤ ተማሪው ተመርቆ ይሄዳል፤ ኮዱ ግን በማከማቻው ውስጥ ይቀራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮዱን ለመገንባት የሞከረ ሰው ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ተለውጦ፣ ቺፑ ከገበያ ወጥቶ፣ ጥያቄ የሚመልስ ሰውም ጠፍቶ ያገኘዋል። ታይኒኦኤስ ራሱ ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ኔስሲ በተባለ ለብቻው በተፈጠረ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ መሆኑ ሜሞሪን በእጅጉ እንዲቆጥብ ቢረዳውም፣ አዲስ ገቢዎች በቀላሉ የማይለምዱት አድርጎታል፤ 2.1.2 የተባለው ስሪቱ በ2012 ከወጣ በኋላ እንቅስቃሴው እየቀዘቀዘ ሄደ። በተራ ሲ ቋንቋ የተጻፈው ኮንቲኪ የተሻለ ዕድሜ ቢያገኝም፣ በ2017 ኮንቲኪ ኤንጂ የሚል ፕሮጀክት ከእርሱ ተገንጥሎ ሲወጣ ብዙዎቹን የቆዩ ሃርድዌሮች ትቷቸዋል። ውሳኔው ከጠባቂዎቹ አቅም አንጻር ትክክል ይመስለኛል፤ ያንን የቆየ ሃርድዌር በየቦታው ተክሎ የነበረው ተቋም ግን በአሮጌው ኮድ ላይ ብቻውን ቀርቷል። ጸሐፊው «ባለቤት የለውም» ሲሉ ይህን ማለታቸው ከሆነ እስማማለሁ።

ጥገና ሲባል ስሕተት ማረም ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ በዘርፉ ውስጥ ይታወቃል። በ2000ዎቹ አጋማሽ በኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በድንች ማሳ ላይ ወደ 100 የሚጠጉ ኖዶችን ተክለው፣ የድንችን ዋግ በሽታ ለመተንበይ የሚረዳ የሙቀትና የእርጥበት መረጃ ለመሰብሰብ ተነሡ። ከሚጠበቀው መረጃ ውስጥ እጃቸው የገባው 2 በመቶው ብቻ ነበር። ተመራማሪዎቹ የሆነውን ሳይደብቁ ጽፈዋል፤ ከጻፏቸው ምክንያቶች አንዱ ገና ያላለቀ የሬዲዮ ፕሮቶኮል ኮድ በስሕተት ወደ ጋራ ማከማቻው ገብቶ፣ ከተከላው በፊት በነበረው ጥድፊያ ሳይታወቅ በኖዶቹ ላይ መጫኑ ነው። ኮዱን የጻፉት ሰዎች ብቃት አልጎደላቸውም። የጎደለው ወደ ማከማቻው የሚገባውን እያንዳንዱን ለውጥ የሚመለከት ሁለተኛ ዓይን፣ እንዲሁም ኮዱ ኖድ ላይ ከመጫኑ በፊት በሲሙሌተርና በጥቂት እውነተኛ ኖዶች ላይ በራሱ የሚፈተንበት ሥርዓት ነበር። ዛሬ ኮንቲኪ ኤንጂ፣ ራዮትና ዜፊር ይህ ሥርዓት አላቸው፤ አንድ ሰው ለውጥ ሲያቀርብ ኮዱ በብዙ ዓይነት ቦርዶች ላይ መገንባቱ በማሽን ይረጋገጣል፣ ሌላ ሰው ሳያነበውም አይገባም። በዝግ ምርት ውስጥ እንዲህ ያለ ሥርዓት መኖር አለመኖሩን ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሚያውቀው ሻጩ የነገረውን ያህል ነው።

በ2005 በኢኳዶር ሬቬንታዶር በተባለው እሳተ ገሞራ ላይ ለ19 ቀናት የተተከሉት 16 ኖዶች ታሪክም ከዚህ ይያያዛል። ኮድን በሬዲዮ ለማደስ የሚያገለግለው ክፍል ላይ በነበረ ስሕተት መላው ኔትወርክ ለ3 ቀናት ያህል ሥራ አቁሞ፣ ኖዶቹ በሰው እጅ እንደገና መጫን ነበረባቸው። ቡድኑ ይህን ማድረግ የቻለው ኮዱ በእጁ ስለነበረ ነው። ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ ኖዶቹ እምነት የሚጣልባቸው ሆነው ተገኝተዋል፤ ይበልጥ ያስቸገረው የኖዶቹ መረጃ የሚሰበሰብበት ጣቢያ የኤሌክትሪክ አቅርቦት ነበር። ሶፍትዌሩን ለሚወቅሱ ሰዎች ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ብዙ ጊዜ አነሣባቸዋለሁ።

እንግዲህ ተቋማት ምን ያድርጉ? ጸሐፊው ዝግ ምርት ግዙ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ክፍት ከሆነ ይበቃል ይላሉ። ሁለቱም መልሶች በጨረታ ሰነድ ላይ ሲውሉ አንድ ቃል ብቻ ናቸው። ለምሳሌ «የምንጭ ኮዱ ይሰጣል» የሚል ሐረግ ብቻ የሰፈረበት ውል ገዢውን ከምንም አያድነውም። የተሰጠው ኮድ በኖዶቹ ላይ ያለው ራሱ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር የለም፤ በየትኛው የኮምፓይለር ስሪትና በየትኞቹ ተጓዳኝ ላይብረሪዎች እንደተገነባ ካልተጻፈም ኮዱ ለንባብ እንጂ ለሥራ አይሆንም። በርክክቡ ዕለት የገዢው ሠራተኛ ባዶ በሆነ ኮምፒዩተር ላይ ኮዱን ከመጀመሪያ ገንብቶ፣ ከተረከባቸው ኖዶች በአንዱ ላይ ጭኖ፣ ኖዱ ኔትወርኩን ሲቀላቀል ማየት አለበት። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የሚያጋልጠው ጉድ ግን ብዙ ነው።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ኮዱ የሚፈረምበት ምስጢራዊ ቁጥር፣ ማለትም የፊርማ ቁልፉ፣ ነው። ብዙዎቹ የዛሬ ኖዶች በአምራቹ ዲጂታል ፊርማ ያልተፈረመ ኮድ እንዳይቀበሉ ተደርገው ይሠራሉ፤ ይህም ተገቢ ጥበቃ ነው፤ ያለዚያ ማንም በሬዲዮ የራሱን ኮድ ሊጭንባቸው ይችላል። ነገር ግን ቁልፉ በሻጩ እጅ ብቻ ከሆነ፣ ገዢው የምንጭ ኮዱን እስከ መጨረሻው መስመር ቢይዝና ስሕተቱን አርሞ ቢገነባ እንኳ ኖዱ እርማቱን አይቀበለውም፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይኸው ነው። ፈቃዶቹ እዚህ ላይ አይረዱም። ቢኤስዲ፣ ኤምአይቲና አፓቼ የተባሉት ልቅ ፈቃዶች ስለ ቁልፍ የሚሉት የለም። የተሻሻለ ኮድም ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚያስገድደው ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ በ2007 የወጣው ሦስተኛ ስሪቱ የተሻሻለ ኮድ ለመጫን የሚያስፈልገው መረጃ ከምርቱ ጋር እንዲሰጥ ቢያስገድድም፣ ግዴታው በዋናነት የሚመለከተው ለግልና ለቤት አገልግሎት የሚውሉ ዕቃዎችን ነው፤ ለተቋማት የሚሸጥ የመለኪያ መሣሪያ ከዚህ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ቁልፉ ለገዢው እንዲሰጥ፣ ወይም ገዢው የራሱን ቁልፍ በኖዶቹ ውስጥ እንዲያስገባ የሚፈቅድ አንቀጽ በውሉ ውስጥ መግባት አለበት። በተቃራኒው ያለውን ቸልተኝነትም መፈተሽ ያስፈልጋል። ዜፊርን በሚጠቀሙ ኖዶች ላይ የተለመደው ኤምሲዩቡት የተባለው ክፍት ማስነሻ ፕሮግራም ለመለማመጃ የሚሆኑ ቁልፎችን ከኮዱ ጋር ለሁሉም አስቀምጧል፤ በምርት ላይ እንዳይውሉም ያስጠነቅቃል። ሻጩ ያንኑ የመለማመጃ ቁልፍ ሳይቀይር ካስረከበ ቁልፉ በዓለም ሁሉ እጅ ነው።

ቀሪው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ የክፍት ኮድ ተጠቃሚዎችን አልምርም። በፈቃድ ክፍያ የተረፈው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ተጨማሪ ኖድ ለመግዣ የሚውልበት በጀት ብዙ አይቻለሁ። ከዚያ ገንዘብ የተወሰነው በየዓመቱ ለጥገና ሊመደብ ይገባል። የራስ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓቱ ከፊሉን ለዋናው ፕሮጀክት እንዲያውል ማድረግ ይቻላል፤ ለዚህ የሚሆን ሰው ከሌለ ኮዱን የሚያውቅ የውጭ ባለሙያ በውል ይያዛል። እርማትን ለራስ ይዞ መቆየት ቁጠባ ይመስላል፤ ነገር ግን ዋናው ፕሮጀክት አዲስ ስሪት ባወጣ ቁጥር ያንን እርማት እንደገና ማስማማት ስለሚጠይቅ፣ ከሁለትና ከሦስት ስሪት በኋላ ተቋሙ አሮጌው ላይ ተተክሎ ይቀራል። እርማቱ ወደ ዋናው ኮድ ከገባ ግን የመንከባከቡ ሸክም በሁሉም ትከሻ ላይ ይከፋፈላል። በሕዝብ ገንዘብ የሚካሄድ ምርምር የሚያፈራው ኮድም እንዲሁ ነው፤ የገንዘብ ሰጪዎቹ መመሪያ ኮዱ ክፍት እንዲሆን ሲያዝዝ፣ ከፕሮጀክቱ ማብቂያ በኋላ ማን እንደሚጠብቀውና በምን ገንዘብ እንደሚጠብቀው ጭምር እንዲጻፍ ሊያዝዝ ይገባል።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። በጽሑፋቸው ላይ የዝግ ሶፍትዌር አቅራቢዎችን እንዳነጋገሩ ገልጸዋል። በሚቀጥለው ጊዜ እነዚያኑ አቅራቢዎች ሦስት ነገር ቢጠይቁልን አንባቢው ይጠቀማል፦ በምርታቸው ውስጥ ከሌላ የተወሰደ ኮድ ካለ ዝርዝሩን ለገዢ ይሰጡ እንደሆነ፣ ኩባንያው ቢዘጋ ወይም ምርቱን ቢያቆም የምንጭ ኮዱና የፊርማ ቁልፉ ለገዢው የሚተላለፍበት አንቀጽ በውላቸው ውስጥ ይኖር እንደሆነ፣ እንዲሁም አንድ የደኅንነት ክፍተት ከተነገራቸው ጊዜ አንሥቶ እርማቱን ተተክለው ላሉት ኖዶች እስከሚያደርሱ ድረስ ስንት ቀን እንደሚወስድባቸው። ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶቹም እነዚሁኑ ጥያቄዎች ያቅርቡላቸው፤ ለመጀመሪያውና ለሦስተኛው የሚሆነው መልስ በኮድ ማከማቻቸው ውስጥ ከነቀኑ ተጽፎ ስለሚገኝ ማንንም ደጅ መጥናት አያስፈልጋቸውም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኢምቤድድ ሶፍትዌር መሐንዲስ